የስታርች ስም አያስደንግጠን፤ ምንጩን እንጠይቅ

ሰው ስለማያውቀው ምግብ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራል፤ አንደኛው የማይጐዳውን መፍራት ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚጐዳውን ሳይፈራ መብላት ነው። ሁለቱም ስሕተቶች በአንድ ቤት ጎን ለጎን የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። ግሉተን እንዳይቀምስ በሐኪም የተነገረው ሰው በታሸገ ምግብ ላይ «ስታርች» ወይም «የተለወጠ ስታርች» የሚል ቃል ሲያነብ ደንግጦ ዕቃውን ወደ መደርደሪያው ይመልሳል፤ ያው ሰው ግን ማታ የገበያ እንጀራ ገዝቶ፣ ዱቄቱ ጤፍ ብቻ መሆን አለመሆኑን ሳይጠይቅ ይመገባል። «እባብ ያየ በልጥ ይደነግጣል» እንደሚባለው፣ አንድ ጊዜ የታመመ ሰው ቢጠነቀቅ አይነቀፍም። ነገር ግን ልጡን ሲሸሽ እባቡን የረገጠ እንደ ሆነ ጥንቃቄው ምን ይጠቅመዋል?

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፦ ግሉተንን መራቅ ግዴታ ለሆነበት ሰው በምግብ ውስጥ የሚገባው ስታርች ያሠጋዋልን? መልሱን አስቀድመን በአጭሩ ብንናገር፣ ስታርች በስታርችነቱ ይህን ሰው አይጐዳውም። ሥጋት የሚኖረው ስታርቹ ከስንዴ ወይም ከስንዴ ዘመዶች የወጣ ሆኖ በሚገባ ሳይጠራ የቀረ እንደ ሆነ ነው። እንግዲህ በታሸገው ምግብ ፊት የቆመ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው «ስታርቹ ከምን ተሠራ? ምን ያህልስ ጠራ?» ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ ለመመለስ ደግሞ ሕመምተኛው ብቻውን አይበቃም፤ በላቦራቶር የሚሠራው ተማሪና በመሥሪያ ቤት የሚፈርመው ወጣት ሹም ድርሻ አላቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

ስታርች ምንድን ነው? ግሉተንስ?

ስታርችና ግሉተን በአንድ የስንዴ ፍሬ ውስጥ አብረው የሚኖሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ለመረዳት ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ እፍኝ የስንዴ ዱቄት በጥቂት ውሃ ለውሶ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አሳርፎ፣ ከዚያም ሊጡን በገበቴ ውሃ ውስጥ ቀስ አድርጎ ማሸት ይበቃል። ውሃው እንደ ወተት ይነጣል፤ በእጅ ላይ ግን እንደ ሙጫ የሚሳብና የሚለጠጥ ነገር ይቀራል። ነጩን ውሃ ሳይነኩ ቢያስቀምጡት ከሥሩ የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ስታርች ነው፤ በእጅ የቀረው ሙጫ ደግሞ ግሉተን ነው። ኢጣሊያዊው ሊቅ ያኮፖ ባርቶሎሜዎ ቤካሪ ይህን ፈተና በቦሎኛ ከተማ ሠርቶ ያስረዳው በ1728 ሲሆን፣ ጽሑፉ ታትሞ የወጣው በ1745 ነው። ዛሬም የስንዴ ስታርች የሚያወጡ ፋብሪካዎች ሊጥን በውሃ አጥቦ የመለየቱን መሠረተ ሐሳብ አልተዉትም።

ስታርች ተክል የፀሓይን ኀይል ለኋላ ጊዜው የሚያጠራቅምበት ጎተራ ነው ብንል አንሳሳትም። የተሠራውም እርስ በርሳቸው ከተያያዙ የግሉኮስ ቅንጣቶች ነው፤ በአፍና በአንጀት ሲፈጭ ተመልሶ ስኳር ይሆናል። ግሉተን ግን የፕሮቲን ወገን ነው፤ የስንዴ ሊጥ ተለጥጦ እንዲነፋ፣ ዳቦውም ሲጋገር እንዳይወድቅ የሚያደርገው እርሱ ነው። የገብስና ራይ የሚባለው የአውሮፓ እህል ፕሮቲኖችም የግሉተን ዘመዶች በመሆናቸው በሕክምና ቋንቋ በአንድነት ግሉተን ተብለው ይጠራሉ። እንግዲህ ጤፍም፣ በቆሎም፣ ድንችም፣ ሩዝም፣ ካሳቫም፣ እንሰትም ስታርች አላቸው፤ ሕመምተኛውን የሚጐዳው ግሉተን ግን የላቸውም። ስታርች ያለበት ሁሉ ግሉተን አለበት ማለት፣ ከብት ባለበት በረት ሁሉ ጅብ አለ እንደ ማለት ይቈጠራል።

በሽታው የሚያደርሰው ጉዳት

ግሉተንን መራቅ ለአንዳንድ ሰው ምርጫ ነው፤ ሲሊያክ የሚባለው በሽታ ላለበት ሰው ግን ሌላ መድኀኒት የሌለው ሕክምና ነው። የዚህ ሕመምተኛ ሰውነት ግሉተን ወደ አንጀቱ ሲገባ እንደ ጠላት ይቈጥረዋል፤ ይሁን እንጂ በሽታ ተከላካዩ ኀይል ያን ጠላት እወጋለሁ ሲል የራሱን አንጀት ያቈስላል። በቀጭኑ አንጀት ውስጥ ምግብን የሚመጥጡት ጣት መሰል ጥቃቅን ነገሮች እየደቀቁ ይሄዳሉ። ከዚህም የተነሣ ሰውየው ቢበላም አይጠግብም፤ ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ የደም ማነስ፣ የክብደት መቀነስና የዐጥንት መሳሳት ይከተሉታል። ሕፃን እንደ ሆነ ደግሞ ዕድገቱ ይቀጭጫል።

«ይህ የነጮች በሽታ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ቢኖር ተሳስቷል። በዓለም ላይ ከ100 ሰዎች አንዱ ያህል በሽታው እንዳለበት ይገመታል። በአፍሪካ ምድርም በሰሐራዊ ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ1999 የታተመ ምርመራ ከ100 ሕፃናት ከ5 በላይ የሚሆኑት በዚህ በሽታ የተያዙ መሆናቸውን አሳይቷል። በእኛ አገር ተቅማጥና የሆድ መነፋት ሲታይ በመጀመሪያ የሚታሰበው አሜባና ጃርዲያ ነው፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ነገር ግን መድኀኒቱን በየጊዜው እየወሰደ ያልዳነ ሰው ሌላ ምክንያት እንዲመረመርለት መጠየቅ ይገባዋል።

በዚህ ስፍራ አንድ ማስጠንቀቂያ እንሰጣለን። ሲሊያክ አለብኝ ብሎ የጠረጠረ ሰው ሳይመረመር በራሱ ፈቃድ ስንዴና ገብስ መተው የለበትም። የደሙም ሆነ የአንጀቱ ምርመራ በሽታውን የሚያሳየው ሰውየው ግሉተን እየበላ ሳለ ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ የተወ እንደ ሆነ ምርመራው በሽታውን ሳያሳይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም፣ ቀጥሎ ምርመራ፣ ከዚያ በኋላ የምግብ ለውጥ ይሁን።

ስታርቹን ነፃ ያወጣው ምርምር

ስታርች በዚህ ጉዳይ ተከሶ ነፃ የወጣበት ታሪክ ሊነገር የሚገባው ነው። የበሽታውን ምልክቶች እንግሊዛዊው ሐኪም ሳሙኤል ጊ በ1888 በሚገባ ዘርዝሮ ጽፎ ነበር፤ መንሥኤው ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ሳይታወቅ ቈየ። በዚያ ዘመን የነበሩ ሐኪሞች ለሕመምተኞቹ ልጆች ስታርች ያለበትን ምግብ በጅምላ ሲከለክሉ ኖረዋል።

ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ዊለም ካረል ዲኬ ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀምሮ ስንዴን ይጠረጥር ነበር። በ1944ና በ1945 መካከል በነበረው ክረምት በጦርነቱ ምክንያት በሆላንድ ጽኑ ረኀብ ሆነ፤ ዳቦም ጠፋ። ሌላው ሕዝብ ሲከሳ፣ በዚህ በሽታ ይማቅቁ የነበሩት ልጆች ግን ተሻላቸው። ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰባቸው። ዲኬ ምርምሩን በ1950 ለዶክተርነት ማዕርግ ባቀረበው ጽሑፍ ገለጠ። በ1953ም ከባልደረቦቹ ከዌየርስና ከቫን ደ ካመር ጋር ሆኖ የስንዴን ክፍሎች ለያይቶ በመፈተን፣ ልጆቹን የሚያሳምማቸው የስንዴው ስታርች ሳይሆን በአልኮል የሚሟሟው ግሊያዲን የሚባለው የግሉተን ክፍል መሆኑን አስረዳ። እንግዲህ በዚህ ጉዳይ የተፈረደበት ግሉተን ነው፤ ስታርቹ ግን ከስንዴ የወጣው ሳይቀር በምርመራ ነፃ ወጥቷል።

ስታርቹ ከምን እንደ ወጣ

ከዚህ ቀጥሎ በገበያ የሚገኙትን የስታርች ዓይነቶች በተራ እንመልከት። ከበቆሎ፣ ከድንች፣ ከሩዝና ታፒዮካ ከሚባለው የካሳቫ ምርት የሚወጣው ስታርች በተፈጥሮው ግሉተን የለበትም። ኬክ በሚጋገርበት ቤት ያለው የበቆሎ ስታርች፣ ካስተርድ የሚሠራበት ዱቄት፣ በቤኪንግ ፓውደር ውስጥ እርጥበት እንዳይገባ የሚጨመረው ስታርች፣ ከበቆሎ ወይም ከድንች እስከ ሆኑ ድረስ በምንጫቸው ረገድ አያሠጉም።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን ቡላ ነው። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በሐድያ፣ በከምባታና በሌሎችም እንሰት በሚበላባቸው አገሮች ያሉ እናቶች፣ የእንሰቱ ግንድና ሥር ከተፋቀ በኋላ ጭማቂውን ጨምቀው ያዘቅጡታል፤ ከሥሩ የሚቀረው ነጭ ነገር ቡላ ይባላል። ይህ ሥራ በቦሎኛ ቤካሪ በስንዴ ሊጥ ላይ ካደረገው ጋር ይመሳሰላል፤ በእንሰት ውስጥ ግን ከመጀመሪያው ግሉተን ስለሌለ የሚያሠጋ ሙጫ አይቀርበትም። እንግዲህ «ስታርች አልበላም» የሚል ሕመምተኛ የቡላ ገንፎን ያህል ምግብ ያለ ጥፋቱ ከማእዱ ያስወግዳል ማለት ነው።

የስንዴ ስታርች ግን የራሱ ሕግ አለው። ሊጡ ሲታጠብ ግሉተኑ አብዛኛው ቢለይም ጥቂቱ ከስታርቹ ጋር ይቀራል፤ የሚቀረውም መጠን እንደ አጠባው ይለያያል። ስለዚህ ተራ የስንዴ ስታርች ለሲሊያክ ሕመምተኛ አይሆንም። ነገር ግን በተለየ ጥንቃቄ ታጥቦ፣ ተመርምሮ፣ «ከግሉተን ነፃ» የሚል ምልክት የተሰጠው የስንዴ ስታርች አለ። በ1999 በፊንላንድ የታተመ ጥናት ይህን ስታርች ለብዙ ዓመታት ሲመገቡ የኖሩ ሕመምተኞች አንጀታቸው በተፈጥሮ ግሉተን የሌለበትን ብቻ እንደ ተመገቡት ሰዎች ያህል መዳኑን አስረድቷል። ይህም ሆኖ የስንዴ አለርጂ ያለበት ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እርሱን ከግሉተን ውጭ ያሉት የስንዴ ፕሮቲኖችም ሊጐዱት ስለሚችሉ፣ የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን የስንዴ ስታርች ያለ ሐኪም ምክር ሊበላ አይገባውም።

«የተለወጠ ስታርች» የሚለውም ቃል ብዙ ሰው ያስደነግጣል። መለወጥ ማለት ግን ስታርቹ ወጡን ወይም ሾርባውን እንዲያወፍር፣ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝም ውሃ እንዳይተፋ በሙቀት፣ በአሲድ ወይም በሌላ ኬሚካል መታከሙ ነው። በአውሮፓ ከኢ1404 እስከ ኢ1451 ባሉት ቍጥሮች የሚጠሩት እነዚህ ናቸው። በዚህ ሥራ ግሉተን አይጨመርም፤ ከስንዴ የወጣው የተለወጠ ስታርች እንኳ አሠጋ ቢባል የሚያሠጋው ስለ መለወጡ ሳይሆን ስለ ስንዴነቱ ነው። ከስንዴ ስታርች የሚሠሩት የግሉኮስ ሽሮፕና ማልቶዴክስትሪን ደግሞ በሥራው ሂደት እጅግ ስለሚጠሩ፣ የአውሮፓ ሕግ በአለርጂ ምልክት እንዲገለጡ ከማስገደድ ነፃ አድርጓቸዋል። ማልቶዴክስትሪንን ግን ከማልት ጋር ማሳሳት አይገባም። ማልት ማለት በአገራችን ቋንቋ ብቅል ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከገብስ ነውና ለሕመምተኛው የተከለከለ ነው።

መጠኑ ምን ያህል ነው?

ከግሉተን ነፃ ማለት አንዲት ቅንጣት የለም ማለት ሳይሆን ሊጐዳ ከሚችለው በታች ነው ማለት ነው። የዓለም የምግብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ኮዴክስ አሊመንታሪየስ በ2008 ባሻሻለው ደረጃ፣ በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም የማይበልጥ ግሉተን ያለበት ምግብ ብቻ «ከግሉተን ነፃ» እንዲባል ወስኗል። አሜሪካም በ2013 ከ20 ሚሊግራም በታች የሚል ደንብ አውጥታለች። በ2007 የታተመ ጥናት ደግሞ በየቀኑ 50 ሚሊግራም ግሉተን ለ3 ወር የወሰዱ ሕመምተኞች አንጀታቸው መጐዳቱን አሳይቷል።

ተማሪዎች እስቲ ይህን በሂሳብ እንመልከተው። አንድ ሕመምተኛ 20 ሚሊግራም ግሉተን በኪሎ ካለበት ምግብ በቀን ግማሽ ኪሎ ቢበላ የሚያገኘው ግሉተን 10 ሚሊግራም ነው። ተራ የስንዴ ዱቄት ግን በ100 ግራም ውስጥ 8 ግራም ያህል ግሉተን ይኖረዋል። እንግዲህ በአንድ ኪሎ የእንጀራ ዱቄት ውስጥ ከ10 እጅ አንዱ ስንዴ ቢሆን፣ በዚያ ኪሎ ውስጥ 8,000 ሚሊግራም ግሉተን አለ ማለት ነው፤ ይህም ከተፈቀደው 20 ሚሊግራም 400 ጊዜ ይበልጣል። በአንድ የታሸገ ሾርባ ውስጥ ስላለው የበቆሎ ስታርች የሚጨነቅ ሰው ጭንቀቱን ወዴት ሊያዞር እንደሚገባው ይህ ቍጥር በቂ ምስክር ነው።

በጽሑፍ ያለውንና በጽሑፍ የሌለውን ማወቅ

በውጭ አገር ለትምህርት ወይም ለሥራ ያሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የታሸገ ምግብ ጽሑፍ ማንበብ ልማድ ሊያደርጉት ይገባል። በአሜሪካ በ2004 ወጥቶ ከ2006 መጀመሪያ አንሥቶ የሚሠራው የአለርጂ ሕግ ስንዴ በምግቡ ውስጥ ያለ እንደ ሆነ በስሙ እንዲጻፍ ያስገድዳል። በዚያ አገር የምግብና የመድኀኒት አስተዳደር በሚቈጣጠራቸው ምግቦች ላይ ብቻውን የተጻፈ «ስታርች» የሚለው ቃል የበቆሎ ስታርች ማለት ነው። ሥጋና ዶሮ ግን በእርሻ ሚኒስቴሩ ሥር ስለሚተዳደሩ ይህ የአለርጂ ሕግ አያስገድዳቸውም፤ ስለዚህ በእነርሱ ላይ ስታርች ተብሎ ምንጩ ካልተጻፈ መጠየቅ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ደግሞ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ስንዴ፣ ገብስና ራይ በምግቡ ዝርዝር ውስጥ ጐልተው እንዲታዩ ተደንግጓል።

በዐረብ አገሮች የሚሠሩት እኅቶቻችን «ነሻ» ስታርች፣ «ቀምሕ» ስንዴ፣ «ሸዒር» ገብስ መሆኑን ይወቁ። በእስራኤል የሚኖሩትም «ዓሚላን» ስታርች፣ «ሒጣ» ስንዴ፣ «ሰዖራ» ገብስ መሆኑን ያስተውሉ። እነዚህን ጥቂት ቃላት የያዘ ሰው በብዙ መደብር ራሱን ችሎ ይመርጣል።

በአገራችን ግን የምንበላው አብዛኛው ምግብ ጽሑፍ የለውም፤ ስለዚህ በጽሑፍ ፈንታ ጥያቄ ያስፈልገናል። ጤፍ ራሱ አስተማማኝ ነው፤ በ2005 የሆላንድ ሊቃውንት 14 የጤፍ ዓይነቶችን መርምረው ሲሊያክን የሚያስነሣውን ግሉተን እንዳላገኙበት አሳትመዋል። ነገር ግን ጤፍ ሲወደድ ስንዴና ገብስ እየተቀላቀለበት ይጋገራል፤ በውጭ አገርም እንደዚሁ ይደረጋል። «ቡኮ ስለሚያድር ግሉተኑ ይጠፋል» የሚለው አባባልም እውነት አይደለም፤ እርሾ ግሉተኑን ጥቂት ቢቀንሰውም ለሕመምተኛው እስኪበቃ ድረስ አያጠፋውም። ቂንጬ፣ በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ የገብስ ገንፎ፣ ብቅል የገባበት ጠላ፣ ቢራም ቢሆን፣ ስታርች የሚል ቃል ባይጻፍባቸውም ለሕመምተኛው የተከለከሉ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው የአጃ ስም ነው። በመደብር በካርቶን ታሽጎ የሚሸጠው አጃ ኦትስ የሚባለው እህል ነው፤ እርሱም ከስንዴና ከገብስ ጋር ሳይቀላቀል በተለየ ጥንቃቄ የተመረተ ካልሆነ አይታመንም። በአንዳንድ አገራችን ክፍሎች ግን አጃ ተብሎ የሚጠራው ጥንታዊ የስንዴ ወገን ነው፤ ይህም ግሉተን አለበት። አንድ ስም ሁለት እህል ይጠራልና፣ ሐኪሙ «አጃ ብላ» ወይም «አጃ አትብላ» ብሎ ከመናገሩ በፊት የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ ይግለጥ።

ወፍጮ ቤቱም ሊታሰብበት ይገባል። ስንዴ በተፈጨበት ድንጋይ ላይ ጤፍ ቢፈጭ የመጀመሪያው ዱቄት የስንዴ ቅሪት ይዞ ይወጣል። ለሕመምተኛው የሚሆነው እህል የሚፈጭበት ወፍጮ ለብቻው ቢሆን ከሁሉ ይሻላል፤ ይህ ካልተቻለም ወፍጮው ከተጠረገ በኋላ መጀመሪያ የወጣውን ዱቄት ለሌላው ቤተሰብ መለየት ጥቂትም ቢሆን ይረዳል እንጂ ፍጹም መተማመኛ አይሆንም።

ስለ መድኀኒትም አንድ ቃል እንጨምር። ብዙ እንክብል ቅርጹን የሚይዘው በስታርች ነው፤ ይህም በአብዛኛው ከበቆሎ ወይም ከድንች ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኀኒት አስተዳደር በ2017 ባወጣው ረቂቅ መመሪያ፣ የስንዴ ስታርች ያለበት እንክብል እንኳ ሊኖረው የሚችለው ግሉተን ከግማሽ ሚሊግራም የማይበልጥ መሆኑን ገምቷል። ስለዚህ ሕመምተኛው ፋርማሲስቱን ይጠይቅ፤ የታዘዘለትን መድኀኒት ግን በስታርች ፍርሃት ብቻ ከመውሰድ አይታቀብ።

የወጣቶች ድርሻ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ሥራ ምንድን ነው? በመሥሪያ ቤት ያሉ ወጣት ሹማምንት የታሸገ ምግብን ጽሑፍ ሲመረምሩ፣ «ስታርች» ተብሎ እንዲሁ የተጻፈውን «የበቆሎ ስታርች»፣ «የድንች ስታርች»፣ «የስንዴ ስታርች» ተብሎ በአማርኛ እንዲጻፍ ቢጠይቁ፣ ለአምራቹ የአንድ ቃል ቀለም ነው፤ ለሕመምተኛው ግን የምሳውን ጉዳይ የሚወስን ነው። ለሆስፒታል፣ ለማረፊያ ቤት ወይም ለተማሪዎች ምግብ ቤት የእንጀራ ጨረታ የሚያወጣ ሹም በውሉ ላይ ዱቄቱ ከምን ከምን እንደ ተቀላቀለ እንዲገለጥ አንድ መሥመር ቢያስገባ፣ ያ መሥመር ስሙን የማያውቀውን ሰው ከሕመም ያድነዋል። ስንዴ መቀላቀል በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ርካሽ እንጀራ የሚፈልግ ብዙ ወገን አለና። ጥፋት የሚሆነው ሳይናገሩ መቀላቀል ነው።

ተማሪዎችም ድርሻ አላቸው። የቤካሪን ፈተና በትምህርት ቤት ላቦራቶር ቢሠሩት ወጪው ከአንድ እፍኝ ዱቄት አይበልጥም፤ በዚያችም ሰዓት ስታርችና ግሉተን ሁለት መሆናቸውን በዓይናቸው ያያሉ። ያዩትንም ወደየቤታቸው ሄደው ለእናቶቻቸው ያስረዱ። በምግብ ሳይንስና በኬሚስትሪ የሚመረቁትም የገበያ ዱቄቶችን እየመረመሩ ውጤቱን ቢያሳትሙ፣ የዛሬው ጥያቄ በግምት ሳይሆን በማስረጃ የሚመለስበት ቀን ይቀርባል።

«ከ100 ሰው አንድ ብቻ ለሚነካ ነገር ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» የሚል ተቃዋሚ እንደሚኖር እናውቃለን። ነገር ግን ያ አንድ ሰው በየቀኑ ሦስት ጊዜ ማእድ ይቀርባል፤ በየማእዱም መጠየቅ አለበት። ጠይቆ እውነተኛ መልስ ካላገኘ ወይ ይራባል፣ ወይ ይታመማል። ደግሞም ዱቄቱን በስሙ የሚጠራ ነጋዴና መለያውን በትክክል የሚመረምር ሹም የሚጠቅሙት ለዚያ አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ የቀሩት 99 ሰዎችም የከፈሉበትን ዕቃ አውቀው ይበላሉ።

ስለዚህ ግሉተንን የሚርቀው ወገናችን የበቆሎውን፣ የድንቹንና የቡላውን ስታርች ያለ ፍርሃት ይመገብ፤ ከስንዴ የወጣውን ግን ተመርምሮ ነፃ መባሉ ካልተጻፈበት በቀር ይተወው፤ ብቅልንና ድብልቅ ዱቄትን ይጠንቀቅ። እኛም በየተሰማራንበት ሥራ «ይህ ከምን ተሠራ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው እውነተኛውን መልስ ለመስጠት እንዘጋጅ።